የቀኙ ጆይስቲክ

ሚዛኑ ከንጋት ጀምሮ ራሱን በራሱ ሲደበድብ አርፍዷል። በስክሪኑ ላይ በግራም እሱ፣ በቀኝም እሱ፤ መቺውም እሱ፣ ተመቺውም እሱ። በድሬዳዋው የጨዋታዎች መዝገብ ቤት ውስጥ ግን ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ሥራው ነዋ! ሥራውን የሚሠራን ማን ቆሞ ያያል?

ሚዛን የማሽኑ ስም ነው። የመጣለትን የቪዲዮ ጨዋታ፣ ሰዎች ሲጫወቱት ከተቀረጸ ምስል ይማራል። ከዚያ ራሱ ይጫወተዋል፤ በመጨረሻም ከሱ በፊት ከተሠሩት ሁሉ ጋር አስተያይቶ ከመቶ ስንት እጁ አዲስ እንደሆነ ይናገራል። አምስት ያልሞላ ይታጠፋል። ማጠፍ ማለት፣ ነገር ማሳመር ካላስፈለገ፣ ማጥፋት ነው፤ ደጋሚው እትም ይደመሰሳል፣ ሚዛኑ ከሱ የተማረው ግን ወደ መጀመሪያው እትም ይዛወራል። ዘመኑ 2067 ዓ.ም. ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ዓለም የሠራውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ነበርና እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ ብዙ ሰው አልገረመውም።

የመጨረሻዋ ፊርማ የፈትሒያ ነበረች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በዚያ ወንበር ሃያ ዓመት ተቀምጣ የስንቱን ጨዋታ ዕድሜ በፊርማዋ ቆርጣለች፣ አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም። የዚያን ዕለት ጠረጴዛዋ ላይ የመጣው ግን «ሰባት በር» ነበር፣ ሠላሳ ስምንት እትም የወጣለት የድብድብ ጨዋታ። ሦስተኛውን እትም ደጋግማ ከፈተችው። ልጅነቷ ነዋ! ሕጉ ደግሞ የማንንም ልጅነት አያውቅም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አዲስ ነገር ካልተገኘበት ይታጠፋል፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ አንድም ቦታ አይኖርም።

«ወይዘሮ ፈትሒያ፣ አንዴ ይመጣሉ?» አለ ይድነቃቸው ከማዶ። ሚዛኑን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ እሱ ነው። «ሦስተኛው እትም ታሟል።»

«አቦ! ሁለት ዓመት ሙሉ ድሬ ተቀምጠህ ዛሬም ‹ይመጣሉ›? አንቺ በለኝ ብዬህ አልነበር?»

«አፌ እምቢ እያለኝ ነው» አለ ይድነቃቸው ሳቅ እያለ። ደብረ ብርሃን ነው ያደገው። እናቱን የምታክል ሴት «አንቺ» ማለት፣ ማንም ሰው ማንንም አንቱ በማይልበት ከተማ መሀል እንኳ፣ ምላሱን ያስረዋል።

ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። በስክሪኑ ላይ የሠላሳ ስምንቱ እትሞች ውጤት ተደርድሯል። ሁለተኛው እትም፣ ከመቶ ሁለት። አራተኛው፣ አንድ። ሃያኛው፣ ሦስት። ሦስተኛው እትም ላይ ሲደርስ ግን ሠላሳ አንድ ይላል።

«ሠላሳ አንድ!» አለች ፈትሒያ። «እኔኮ ድሮም ብያለሁ። ሦስተኛው ሲወጣ አብዮት ነው ብዬ ከስንት ሰው ጋር ተጣልቻለሁ መሰለህ! የባላጋራህን ቡጢ አየር ላይ ቀልቦ መያዝ በሱ ነው የተጀመረው።»

«ቡጢ መቅለቡን ሚዛኑ ከዚያ በፊት በወጡ ዘጠኝ ጨዋታዎች ውስጥ አግኝቶታል።»

«ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ። እውነቱን ልንገርዎት? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያው ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ከላይ ሁለት የጉልበት መስመር፣ መሀል ላይ ሰዓት፣ ከዚያ ቡጢ፣ እርግጫ፣ መከላከል። የተለወጠው ላባቸው ብቻ ነው። በመጀመሪያው እትም ላብ አልነበረም፣ አሁን ጠብታው ይቆጠራል።»

ፈትሒያ ተናደደች፤ የተናደደችው ግን ነገሩ እውነት ስለሆነ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ እሷም ለስንቱ ኩባንያ «ፀጉር ማወዛወዝ አዲስ ጨዋታ አይደለም» ብላ ጽፋለች።

«ታዲያ ሠላሳ አንዱ ከየት መጣ?»

«ሕመም ያልኩዎት እሱን ነው። ቀኝ ያለውን ይዩት።»

አየች። በግራ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው፣ በቀኝ የቆዳ ጓንት ያጠለቀው ይደባደባሉ። እነዚህ ተዋጊዎች በሩቅ አገር ፊደል የተጻፈ ስም ነበራቸው፤ የድሬ ልጆች ግን ማንበብ ስላልቻሉ ነጭ ለባሿን ነርሷ፣ ጓንት ያጠለቀውን ሹፌሩ ብለዋቸው ቀርተዋል። ከኋላቸው፣ ከሦስተኛው በር ሥር፣ አንድ ቢጫ ውሻ ተኝቶ ጆሮውን ያካል። ከሠላሳ ስምንቱ እትሞች ያ ውሻ ያለው በዚህኛው ብቻ ነው።

ሹፌሩ አይራገጥም። ነርሷ እግሯን ሳትከላከል ለእርግጫ ክፍት ሆና ቆማ እንኳ እሱ ወደኋላ አንድ ርምጃ ብሎ በቡጢ ይመጣል። ዙሩን ነርሷ አሸነፈች። ወዲያው ቦታ ተቀያየሩ፣ ነርሷ ወደ ቀኝ ዞረች፤ አሁን ደግሞ የሷ እግር ዝም አለ።

«ያሸነፈው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ቀኝ የሄደው እርግጫ ይረሳል» አለ ይድነቃቸው። «እንዲህ የሚል ደንብ በጨዋታው ውስጥ የለም። ሚዛኑ ግን አለ ብሎ ቆጥሮታል። አዲስ ያለውም ይህንኑ ነው። በየትኛውም ጨዋታ ታይቶ አይታወቅማ!»

ፈትሒያ መሳቅ ጀመረች። ሳቁ አላቆም አላት፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ይድነቃቸው ውኃ ሊያመጣላት ተነሳ።

«ተቀመጥ፣ ደኅና ነኝ። ሚዛኑ ይህን እትም የተማረው ከየት ነው?»

ፈልጎ አነበበላት፤ «አራት መቶ ሰዓት ቅጂ። ‹ዚያድ ጌም ቤት፣ ድሬዳዋ፣ 2017›።»

ዚያድ ጌም ቤት! ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ፣ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል ነበረች። ፀሐይ ሲከር ቆርቆሮው ይንጫጫል። አንዲት የአየር ማራገቢያ ነበረች፣ እሷም ፊቷን የምታዞረው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ማሽኑ ነው፤ ሰው ቢግል አይበላሽም ይል ነበር ዚያድ። በዘይት የተጠበሰ ባጊያ በልተው የመጡ ልጆች ጆይስቲክ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እንዲጠርጉ ይገደዳሉ። ጆይስቲኮቹ ሁለት ነበሩ፣ ግራና ቀኝ። የቀኙ የእርግጫ ቁልፍ ሞቷል። ሰው ሁሉ ግራውን ለመያዝ ሲጋፋ፣ ሲጓተት፣ አንዴም ሸሚዝ ሲቀዳደድ፣ ዚያድ አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥቶ ጮኸ፤ «ከዛሬ ጀምሮ አሸናፊ ቀኙን ይይዛል! ተሸናፊ ይነሳል! ያልተስማማው በሩ ያውላችሁ!» በቃ፣ ደንብ ሆነ። ጎበዙ ያለ እርግጫ ስለሚገጥም፣ ከሁለት ሦስት ዙር በላይ የሚነግሥ ጠፋ። ተራው ይዞራል። ባለ ሰባት ዓመቷም ደርሷት ትመታለች፣ ጮኻም ትወድቃለች።

ዚያድ ደግሞ ስልኩን ምስማር ላይ ሰቅሎ ስክሪኑን በየቀኑ ከነጫጫታው ወደ ኢንተርኔት ይለቅ ነበር። ተመልካቾቹ ሰባት ነበሩ፤ አምስቱ እዚያው ቤት ውስጥ የተቀመጡት ናቸው።

ፈትሒያ ይህን ሁሉ ነገረችው። «እና ልጄ፣ ሕመም አይደለም። ጆይስቲኩ ተሰብሮ ነው። ማሽንህ የኛን ድህነት ደንብ አድርጎ ተማረው!»

ይድነቃቸው ግን አልሳቀም። ከንፈሩን ነከስ አድርጎ አሰበ።

«አይመስለኝም። መሣሪያ ሲበላሽ ሚዛኑ ያውቃል። አንድ ተዋጊ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካልተራገጠ ‹ብልሽት› ብሎ ይጥለዋል፣ አይቆጥረውም። ደንብ ነው ያለው፣ መራገጥ እየቻለ ሲተው አይቶ መሆን አለበት።»

ሚዛኑን ቅጂዎቹን እንዲያስስ አዘዘው። በአንድ ደቂቃ ተገኘ። ጥር 14 ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ጌም ቤቱ ጭር ብሏል፣ የልጅ ድምፅ የለም። በቀኝ ያለው ሹፌሩ አንዴ ተራገጠ። አንዴ ብቻ። ከዚያ አንድ ሰው በጥርሱ ፍንጭት ሲያፏጭ ተሰማ። ከዚያ ዕለት በኋላ ባለው ሁለት መቶ ሰዓት ቅጂ ውስጥ ከቀኝ በኩል አንድም እርግጫ የለም።

ፈትሒያ ፉጨቷን አወቀቻት። የሸምሱ ናት። ሸምሱ የዚያን ጊዜ ሞባይል ጥገና ይማር የነበረ፣ የጌም ቤቱ አንደኛ ተጫዋች ነበር።

ቀጥሎ ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ያ ሲመጣ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። የዚያ ዓመት የዒድ ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ተደርድሮ እያየ፣ ቀኝ የተቀመጠውን ሸምሱን አሸንፋዋለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። የነርሷ ጉልበት አልቆ ጥፍር የምታህል መስመር ቀርታ ነበር፣ እግሯም ሥር ክፍት ነበር። ያንን ድል ሃምሳ ዓመት ስታወራው ኖራለች፤ ለባሏ፣ ለልጆቿ፣ ለሥራ ባልደረቦቿ። ዒድ ደግሞ ከጥር በኋላ ነው።

«እርስዎ ካሉ» አለ ይድነቃቸው ቀስ ብሎ፣ «ሠላሳ አንዱን እንዳለ እተወዋለሁ። ይፈርማሉ፣ ሦስተኛው እትም ይተርፋል። ማን ይጠይቃል? ደንቡን አውጥቼ ካጸዳሁት ግን ወደ ሁለት ይወርዳል፣ ይታጠፋል።»

«ቆይ» አለችው። ስልኳን አንስታ ሸምሱ ዘንድ ደወለች።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ፈትሒያ ነኝ።»

«ፈትሒያ ነርሷ?»

«እሷው። ሸምሱ፣ የቀኙን ጆይስቲክ ጠግነኸው ነበር እንዴ?»

በስልኩ ውስጥ ያቺ ፉጨት መጣች፣ ሃምሳ ዓመት አርጅታ፣ ትንሽ አየር በዝቶባት።

«መጣሁ» አለና ዘጋው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሹፌር አልባ ባጃጅ በር ላይ አወረደው። ገና ሳይገባ እየተነጫነጨ ነበር። «ወይ ዘመን! በጠማማው መንገድ ወሰደኝ፣ ከማን ጋር ልከራከር? ሹፌር የለው!» ከዘራውን ተደግፎ ገባ፣ ፈትሒያን አቅፎ ሳማት፣ ከትከሻዋ በላይ ስክሪኑን አየ።

«ቡቺ!» አለ። «ያ ውሻ እስከ ዛሬ ጆሮውን ያካል?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያካል» አለችውና ነገሩን ሁሉ አጫወተችው። ከዚያ ፊቱን እያየች ጠየቀችው፤ «ለምን ደበቅከን?»

ሸምሱ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ለዚያድ ውለታ ልዋል ብዬ ጠዋት ጠገንኩት። አንዴ ሞከርኩት፣ ሠራ። ዚያድ እስኪመጣ ስጠብቅ መጀመሪያ ዘው ያልሽው አንቺ ነሽ። ‹ሸምሱ፣ ዛሬም አስነሳሃለሁ!› ብለሽ እየዘለልሽ። እናም አሰብኩት። ቁልፉ ከሠራ ከዚያ ወንበር የሚያስነሳኝ የለም። ለሳምንት እኔ፣ እኔ ሲሰለቸኝ አንቺ፤ ሌላው ልጅ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያያል። በሳምንቱ ማንም አይመጣም። ጨዋታው እንደሆን ያው ነው፣ አራተኛውም ቢመጣ ያው ነው፣ ላብ ጨምሮ ይመጣል። የሚጣፍጠን ተራው ስለሚዞር ነበር።»

ይድነቃቸው የላቡን ነገር ሲሰማ ፈገግ አለ።

«የዒድ ዕለትስ?» አለች ፈትሒያ። ድምጿ ሳታስበው እንደ ልጅ ቀጠነ። «እርግጫ ነበረህ። አንዴ ብትነካው እኔ አልቆልኝ ነበር።»

«አልነበረኝም።»

«ነበረህ! ራስህ ጠግነኸው!»

«አልነበረኝም አልኩሽ እኮ! አሸናፊ ቀኙን ይይዛል፣ ቀኙ አይራገጥም። ደንብ ነው። ያሸነፍሽኝ አሸንፈሽኝ ነው። እህል ውኃ ሳልቀምስ ነው የዋልኩት፣ በዒድ ምድር!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞም አንቺ ቀኙን በያዝሽ ቁጥር አይሽ ነበር። አንድ ቀን ጣቷ ይሄድ ይሆን፣ ትሞክረው ይሆን እያልኩ። አንድም ቀን አልነካሽውም።»

«ተሰብሯል ብዬ ነዋ!»

«ይሁና» አለ ሸምሱ። «ተሰብሮም ቢሆን አልነካሽውም።»

ከዚያ ተጫወቱ። ይድነቃቸው ሁለት ደህና ጆይስቲክ ሰጣቸው። የሸምሱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የፈትሒያ አውራ ጣት በሪህ ያበጠ ነው፤ ነርሷና ሹፌሩ ግን እንደ ድሮው ወጣቶች ነበሩ። መጀመሪያ እሷ አሸነፈች፣ ቀጥሎ እሱ። ተሰዳደቡ። «ሌባ!» ተባባሉ። ያ የቆርቆሮ ቤት ሙቀት፣ ያ የባጊያ ሽታ፣ የዚያድ ጩኸት፣ ሁሉም መጣና ክፍሉን ሞላው፤ ፈትሒያ ለዚህች አንዲት ሰዓት ስትል ምንም ዓይነት ወረቀት ብትፈርም የማትጸጸት መስሎ ተሰማት። ሠላሳ አንድ ብላ መጻፍ ነው። ቁልፉ እጇ ላይ ነው፣ ይሠራል፣ የሚያያት የለም።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሲል ጆይስቲኩን አስቀምጣ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ከሠላሳ አንዱ ሃያ ዘጠኙ የጨዋታው ሠሪዎች ያመጡት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ የተጫወቱት ልጆች ያወጡት ደንብ ነው። ሦስተኛው እትም ደጋሚ ነው። ይታጠፍ።» ከሥሩ ፈረመች።

«ማንም አያውቅብዎትም ነበር እኮ!» አለ ይድነቃቸው። የተቆጣ መሰለ።

«ታዲያ ቀኝ ተቀምጬ ልራገጥልህ?» አለችው።

ሸምሱ መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ መጣ። መጀመሪያ ሰማዩ ሄደ፣ ቀጥሎ ስድስቱ በሮች። በመጨረሻ ሦስተኛው በርና ከሥሩ ያለው ውሻ ብቻ ቀሩ። ጆሮውን አከከ። «ቻው ቡቺ» አለ ሸምሱ። ፈትሒያ አለቀሰች፣ አፍራም አልተደበቀችም። ጌም ቤቱ ፈርሷል፣ ዚያድ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፣ አሁን ደግሞ ይኸው ውሻውም ሄደ።

ይድነቃቸው አንድ ሥራ ይቀረው ነበር። እትም ከታጠፈ በኋላ መሐንዲሱ የመጀመሪያውን እትም ከሚዛኑ ጋር ጥቂት ዙር ተጫውቶ ሁሉም ነገር በትክክል መዛወሩን ያረጋግጣል። የመጀመሪያው እትም ድሃ ነበር፤ ላብ የለው፣ ውሻ የለው፣ ተዋጊዎቹም እንደ ሳጥን የተጠረቡ ናቸው። አንድ ጥቁር ወንበር ላይ ተቀመጠና ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ሚዛኑ አሸነፈው።

ወዲያው የሚዛኑ ተዋጊ ወደ ቀኝ ዞረ። ሁለተኛው ዙር ተጀመረ፤ አይራገጥም።

«አብሮ ተዛውሯል» አለ ይድነቃቸው በሹክሹክታ። «ከሦስተኛው የተማረው አዲስ ነገር ይሄ ነበር፣ እሱ መጣ።»

ሰው ምን አዲስ ነገር ፈጠረ እያለ እንዲመዝን የተሠራው ማሽን፣ ከዚያድ ጌም ቤት የቀረው የመጨረሻው ልጅ ሆኖ ተቀምጧል። ሸምሱ አንገቱን አስግጎ አየው፤ ያደገ የራሱን ልጅ የሚያይ ይመስል ነበር።

«ማጽዳት ይቻላል?» አለች ፈትሒያ፣ ፈራ ተባ እያለች።

«ከታጠፈ በኋላ የተማረውን መንካት አይፈቀድም።»

ይድነቃቸው ሁለተኛውን ዙር እንደ ምንም አሸነፈ። የሱም ተዋጊ በተራው ወደ ቀኝ ዞረ። ሦስተኛው ዙር ተጋጋለ፣ ሁለቱም የጉልበት መስመሮች አልቀው ጭራቸው ቀረ። የሚዛኑ ተዋጊ እግሩ ሥር ወለል ብሎ ተከፈተ። ጆይስቲኩ ደህና ነው፣ ቁልፉ ይሠራል፣ የይድነቃቸው ጣት እላዩ ላይ ነበረች። ሁለቱ ሽማግሎች ከኋላው ቆመው ጣቱን አዩ።

ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። አንድ ርምጃ ወደኋላ ብሎ በቡጢ መጣ፣ ሚዛኑ ቀድሞ መታውና ወደቀ።

ሸምሱ በጥርሱ ፍንጭት አፏጨ።

«ኧረ ተሸነፍኩ!» አለ ይድነቃቸው እየሳቀ። ከወንበሩ ተነሳና ጆይስቲኩን ለፈትሒያ ዘረጋላት።

«ነይ፣ ተራሽ ነው።»